የማያሳይ መስታወት

አማርኛ ለመስኮቱም ለፊት ማያውም አንድ ስም ነው ያለው፦ መስታወት። በአንዱ ውጭውን እናያለን፣ በሌላው ራሳችንን። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ጥንታዊት ሮም ቤቶች የመስታወት ጌጥ ሲነሳ ሐሳባችን በቀጥታ ወደ መስኮት የሚሮጠው፦ ባለቀለም፣ ፀሐይ የሚያሳልፍ፣ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ የሚጥል። እሱን እርሱት። ሮማውያን የመስኮት መስታወት አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም፤ ነበራቸው፤ ፖምፔይ ውስጥ በመታጠቢያ ቤቶች ተገኝቷል። ያ ግን ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ የግንባታ ዕቃ ነው። ለጌጥ ያዋሉት ሌላ ነው። አብዛኛው ምንም አያሳይም። ከጀርባው ያለው ኖራና ግድግዳ ነው፤ ብዙውም ብርሃን እንዳያሳልፍ ሆን ተብሎ በአንቲሞኒ የተደፈነ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራል? ያስመስላል። ድንጋይ ነኝ ይላል፣ ውሃ ነኝ ይላል፣ ቅጠል ነኝ ይላል። በዚህ ምክንያት ገና በዘመኑ ውሸታም ተብሎ ተወቅሷል። እኔ ደግሞ ውበቱ እዚያው ማስመሰሉ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ ወቃሾቹም ጌጡን በደንብ ያዩት አይመስለኝም።

ከወቃሾቹ ዛሬም የሚነበበው ሴኔካ ነው። ፈላስፋው በሕይወቱ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ60ዎቹ አጋማሽ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች 86ኛውን ውሰዱ። ሐኒባልን ያሸነፈው ስኪፒዮ አፍሪካኑስ ከሮም ርቆ የኖረበት የገጠር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚጽፈው። የጀግናው መታጠቢያ ቤት ጠባብና ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹ ከግንቡ መሐል የተተዉ ስንጥቆች ናቸው። ስኪፒዮ እዚያ ገብቶ የእርሻ ላቡን ይታጠብ ነበር። ከዚያ ሴኔካ ወደ ራሱ ዘመን ይዞራል፦ ዛሬማ ግድግዳው በውድ ድንጋይ ካላብረቀረቀ፣ ጣሪያው በመስታወት ካልተሸፈነ ድሃ የሆንን ይመስለናል፣ ነው ነገሩ በአጭሩ።

ደብዳቤው ግሩም ነው፤ አንብቡት። አጻጻፉ ስለታም ስለሆነ እያነበባችሁ ሳታውቁት ከእሱ ጎን ትቆማላችሁ። እርግጥ ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ምን እንደነበረው ታሪክ ጸሐፊዎቹ አልዘነጉትም። ታሲተስ እንደሚነግረን ከሳሹ በ4 ዓመት ውስጥ 300 ሚሊዮን ሰስተርስ አካበተ ብሎታል፤ ካሲየስ ዲዮ ደግሞ የዝሆን ጥርስ እግር ያላቸውን 500 ጠረጴዛዎቹን ይቆጥርበታል። የጠላት ወሬ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ «ሀብታም ስለ ድህነት ሰበከ» ብሎ መዝጋት ቀላል ድል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መስታወቱ ቀለም የለውም። ብርሃን ሲነካው ምን እንደሚሆን አልተጻፈም። የዋጋ ምልክት ብቻ ነው፣ ዛሬ አንድ ሰው «እገሌ ቤቱን እብነ በረድ አስለበሰው» ሲል እንደሚያስበው። ሴኔካ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ አይመስለኝም።

ዋጋውም ቢሆን እሱ እንደሚያስመስለው ቀላል አይደለም። ከሴኔካ አንድ ሁለት ትውልድ ቀድሞ የጻፈው ስትራቦ፣ ሮም ውስጥ የመስታወት መጠጫ በአንዲት የመዳብ ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ይናገራል። ምክንያቱ ይታወቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በሶርያና ፍልስጤም ጠረፍ አካባቢ ባለሙያዎች የቀለጠ መስታወትን በቱቦ እየነፉ መቅረጽ ጀመሩ። ቀናት የሚፈጀው ሥራ ደቂቃዎች ሆነ። እናም ያው ቁስ በጠረጴዛው ላይ ርካሽ ሲሆን ጣሪያው ላይ ሲወጣ ቅንጦት ይባላል። ልዩነቱ ያለው በቁሱ ሳይሆን በእጁ ሥራ ነው፦ ማንከስከስ፣ መቁረጥ፣ በቀለም መለየት፣ እያንዳንዱን ጠጠር ኖራው ሳይደርቅ በጣት መትከል። ሴኔካ ስለ ጣሪያው ሲቆጣ ስለዚህ ጣት አንድም ቃል የለውም።

ወቃሾቹ ያነሱት ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ብዬ ግን አልከራከርም። በሮም የመስታወት ጌጥ ታሪክ በር ላይ የሚቆመው ሰው ለማንም ጥብቅና አይመችም። ማርከስ ስካውረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 በሮም የሕዝብ ትርዒቶችን የማዘጋጀት ሹመት ነበረው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆም ቲያትር አሠራ፤ መድረኩ ባለ ሦስት ደርብ፣ 360 ዓምድ ያለው። ፕሊኒ እንደሚለው የታችኛው ደርብ እብነ በረድ፣ የላይኛው በወርቅ የተለበጠ እንጨት፣ የመካከለኛው ደግሞ መስታወት ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅንጦት ከዚያ በኋላም ተሰምቶ አያውቅም ይላል። ሹመቱ አለቀ፣ ቲያትሩ ፈረሰ፣ የተረፈው ዕቃ ወደ ስካውረስ የገጠር ቤት ተጋዘ። ቤቱንም የተቆጡ ባሪያዎቹ አቃጠሉት። ፕሊኒ ይህን የሚያነሳው የጠፋውን ገንዘብ ለመቁጠር ነው፤ ባሪያዎቹ ለምን እንደተቆጡ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ግን ስለዚያ መድረክ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የመስታወቱ ደርብ ሳይሆን እሳቱ ነው።

ሌላም ወሬ አለ፤ የማይሰበር መስታወት የፈጠረው ሰው ወሬ። ፔትሮኒየስ በልቦለዱ ውስጥ ለትሪማልኪዮ ያስነግረዋል፦ ባለሙያው ዕቃውን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ፣ መሬት ላይ ጣለው፣ ጎደጎደ እንጂ አልተሰበረም፣ በመዶሻ አቃናው። ንጉሠ ነገሥቱ «ይህን ጥበብ ሌላ የሚያውቅ አለ?» አሉት። የለም አለ። አንገቱን ተቀላ፤ ይህ ነገር ከታወቀ ወርቅ እንደ ጭቃ ይረክሳላ! ፕሊኒም በጥቂት ልዩነት ይተርከዋል፣ ወሬው ከእውነትነቱ ይልቅ ዝናው ይበልጣል ብሎ። እውነት ባይሆንም ይናገራል። ሰው ሁሉ መስታወትን የሚታገሠው ተሰባሪ ስለሆነ ነው፤ ባይሰበርማ የወርቁን ወንበር ይቀማ ነበር። ማስመሰል የሚፈቀደው ተዋናዩ ደሞዙን እስካወቀ ድረስ ነው እንደማለት።

እዚህ ላይ ስለ ማስመሰሉ ራሱ እናውራ። ፕሊኒ ከሁሉም መስታወት የላቀ ክብር የሚሰጠው ለጥርት ያለው ነው ይለናል፣ ምክንያቱም ከተፈጥሮ ክሪስታል ጋር ስለሚመሳሰል። ልብ በሉ፦ ጥርት ማለቱ ራሱ የሚወደደው ድንጋይን ስለመሰለ ነው። የእኛም ቋንቋ ይህን ያውቃል። የጠጅ መጠጫዋ ብርሌ በዮሐንስ ራእይ ከከተማይቱ መሠረቶች አንዱ ሆኖ ከተቆጠረው ከቢረሌ ጋር በስም ትዛመዳለች፤ አንገቷ የቀጠነው ዕቃ የከበረ ድንጋይ ስም ተሸክማ ነው በጠጅ ቤት የምትዞረው። በዚያው በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የነጋዴዎች መመሪያ ደግሞ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል በግብፅ ዲዮስፖሊስ የሚሠራ፣ ዥንጉርጉር ድንጋይ የሚያስመስል መስታወት ይዘረዝራል። «የመስታወት ድንጋይ» ነው የሚለው፣ ያለ አንዳች ኀፍረት። የአክሱም ገዢዎች ወደብ ላይ የሚያራግፈው ነጋዴ የሴኔካ ጭንቀት አልነበረበትም። ሸቀጡ ድንጋይ እንዳልሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። ሁለቱም ካወቁ ደግሞ ውሸት የት አለ?

ይህን በጥሩ ሁኔታ የሚያሳዩት ፖምፔይ ውስጥ በፋቢየስ ሩፉስ ቤት የተገኙት ሁለት ሰሌዳዎች ናቸው፤ አሁን ኔፕልስ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ጥቁር ለማለት ምንም ያልቀረው ሰማያዊ መስታወት ላይ ነጭ መስታወት ተደርቦ፣ ነጩ እየተፋቀ የዲዮኒሰስና የአሪያድኔ ዓለም ወጥቶበታል። ሐሳቡ የተወሰደው በንብርብር ድንጋይ ላይ ከሚቀረጽ ፈርጥ ነው። ግን ድንጋይ እንዲህ ሰፊ ሆኖ፣ ቀለሙ እንዲህ ጠርቶ ተለይቶ ከየት ይገኛል? ነጩ ስስ በሆነበት ቦታ ሰማያዊው ከሥር ይተነፍሳል፤ ጨርቁም ሥጋውም ጥላ የሚያገኘው ከዚያ ነው። አስመሳዩ ከሚያስመስለው በልጧል።

አሁን ወደ ሄርኩላኒየም፣ ቬሱቪየስ በ79 ወደቀበራት ከተማ። የኔፕቱንና የአምፊትሪት ቤት የሚባለው ቤት ትልቅ አይደለም። ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፤ የከሰለው የእንጨት መደርደሪያና የወይን ጠጅ እንስራዎቹ ዛሬም በቦታቸው ይታያሉ። ከኋላ፣ በሕንፃዎች መካከል የታፈነች፣ አራት ማዕዘን ግቢ አለች። ሰማይ ከላይ፣ ሌላ ምንም እይታ የላትም። በበጋ የሚመገቡባት የግብዣ ቦታ ይህች ናት፤ ጋደም የሚባልበት መደብ፣ መሐሉ ላይ ውሃ፣ ከዚያ ግድግዳዎቹ። በአንደኛው ግድግዳ ሦስት ጎድጓዳ ቅስቶች አሉ፤ ዙሪያቸውን በዛጎል ተከፍፈው በመስታወት ሞዛይክ ተሞልተዋል። ከቅስቶቹ በላይ በድቅድቅ ሰማያዊ መደብ ላይ ውሾች አጋዘን ያሳድዳሉ፣ የፍራፍሬና የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። በሌላኛው ግድግዳ ደግሞ ታዋቂዎቹ ባልና ሚስት፣ የባሕር አምላኩ ኔፕቱን ባለ ሦስት ጥርስ መንሹን ይዞ፣ አምፊትሪት ከጎኑ።

ሁሉም ሰው የሚያነሳው ባልና ሚስቱን ነው፤ በፖስትካርዱም በፎቶውም እነሱ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ደካሞቹ እነሱ ይመስሉኛል። ቆመዋል፣ በቃ። ሁለት ሐውልት በቀለም ተገልብጦ። ሠሪው የሰውን አካል ከሥዕል ለመቅዳት ሲታገል መስታወቱ ራሱን መሆኑን ረስቶ ቀለም ሆኗል። አጠገባቸው ያለው አደን ግን ሌላ ነገር ነው። ውሻውና አጋዘኑ ጥቂት ጠጠሮች ናቸው፣ ሩቅ ሆኖ ለማየት የተሠሩ፤ ሰማያዊው መደብ ላይ ግን ይሮጣሉ። ያ ሰማያዊ ከኮባልት የመጣ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱርኩዋዝ ከመዳብ። የግድግዳ ቀለም ይህን ጥልቀት አያገኝም፣ ቀለም ብርሃንን ገጹ ላይ ብቻ ነው የሚመልሰው። የመስታወት ጠጠር ግን ጥቂቱን ወደ ውስጡ አስገብቶ ይመልሰዋል። ጠጠሮቹ ደግሞ በእጅ ስለተተከሉ አንዷ ከሌላዋ ጋር ፍጹም አትስተካከልም፤ እያንዳንዷ ወደ ራሷ አቅጣጫ በጥቂቱ ታዘነብላለች። ኩራዝ ሲበራ፣ ከታች ውሃው ሲንቀሳቀስ፣ ሰውም ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር የምታበራዋ ጠጠር ትቀያየራለች። አጋዘኑ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

በስልካችን ያየነው ፎቶ ይህን ይገድለዋል። ሙዚየሞችም ብዙ ጊዜ የተሻለ አያደርጉም፤ ቁርጥራጩን ነጭ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡና ከአንድ አቅጣጫ የማይናወጥ መብራት ይለቁበታል፣ እንደ ጌጣጌጥ ቤት። የሄርኩላኒየሙ ጌጥ በእራት ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። ሰውየው፣ ወይም ሴትዮዋ (የቤቱን ባለቤት በስም አንጠራውም) መስክ አልነበራቸውም፣ ባሕር የሚታይበት ሰገነትም በዚያ ግቢ የለም። የከተማው ባለጸጎች በባሕሩ ጠርዝ ላይ ሰፋፊ ሰገነት ሠርተው የእውነቱን ያዩ ነበር። ከሱቅ ጀርባ ያለ ሰው ግን አደኑንም፣ አትክልቱንም፣ የባሕሩንም አምላክ በመስታወት አስመጣ። ሴኔካ ይህን ቅንጦት ይለው ይሆናል። ቅንጦትም ነው። ግን ባሕር ያለው ሰው ባሕር የሌለውን «ለምን ታስመስላለህ?» ሲለው ንግግሩ የሥነ ምግባር ብቻ አይመስለኝም።

የፖምፔይን ታላቋን የፏፏቴ ቤት ከዚህ ጋር አንድ ላይ አላስቀምጣትም። እዚያም በመስታወትና በዛጎል ያጌጠ ቅስት አለ፣ ውሃ የሚወርድበት ደረጃ አለው፣ ግራና ቀኝ የእብነ በረድ የቲያትር ጭምብሎች አፋቸውን ከፍተዋል። የተቀመጠው ግን ከመንገድ በር የገባ ሰው ቤቱን አቋርጦ እንዲያየው ታስቦ ነው። እንግዳ ተቀባይ ሳይሆን እንግዳ አስደናጋጭ ነው። ቴክኒኩ ያው፣ ቀለሙ ያው፤ ፍቅሩ የለም። ሴኔካ እዚህ በር ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም አብሬው እቆም ነበር።

እስካሁን ያወራነው ግድግዳ ላይ ስላለው ነው። ከሁሉም የምወደው የሮማውያን የመስታወት ሥራ ግን ግድግዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ኬንክሬይ በግሪክ የቆሮንቶስ ምሥራቃዊ ወደብ ናት። ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ ሰዎች በሌላ ነገር ያውቋታል፦ በአፑሌየስ ልቦለድ ውስጥ ወደ አህያነት የተለወጠው ሉሲየስ ሰውነቱን የሚያገኘው እዚያ ነው፣ በአይሲስ በዓል ላይ። በ1960ዎቹ የቺካጎና የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን በወደቡ ሲቆፍር፣ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰጠመ ሕንፃ ግድግዳዎቹን ተደግፈው የቆሙ የእንጨት ሣጥኖች አገኘ። ውስጣቸው ከ100 በላይ የመስታወት ሰሌዳዎች ነበሩ። ጠጠር አይደሉም፤ በቅርጽ በቅርጽ የተቆረጡ ባለቀለም መስታወቶች ናቸው፣ በሸክላ ስባሪ ድጋፍ ላይ በሙጫ የተያያዙ። ለዕድሳት ላይ ለነበረ ሕንፃ የመጡ ይመስላል። ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ በአራተኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ወደቡ ሰመጠ።

በሰሌዳዎቹ ላይ የአባይ ዳርቻ አለ፦ ወፎች፣ ዓሣዎች፣ የረግረግ ተክሎች፣ አጥማጆች። ሕንፃ የተደረደረባቸው የወደብ ከተሞች አሉ። ስማቸው የተጻፈላቸው ሆሜርና ፕላቶም አሉ። በግሪክ ወደብ ላይ ላለ ግድግዳ የግብፅ ወንዝ! የሄርኩላኒየሙ ግቢ ያደረገውን ነው በትልቁ የሚያደርጉት፤ የሌለውን ማምጣት። ስትራቦ በዘመኑ የእስክንድርያ መስታወት ሠሪዎች ባለብዙ ቀለሙ ውድ ሥራ ያለ ግብፅ ልዩ አፈር አይሆንም ብለው እንደነገሩት ጽፏል። እውነትም ይሁን የገበያ ወሬ፣ አባይንና መስታወትን አብረው መሸጥ ያውቁበት ነበር።

እነዚህን ሰሌዳዎች የሠሩት ስማቸውን አልጻፉም፤ ሆሜርና ፕላቶ ናቸው የተጻፉት። ስለ ሠሪዎቹ ደሞዝ ግን ቅርብ የሆነ ነገር አለን። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ ጣሪያ አዋጅ ውስጥ የእስክንድርያ መስታወት አንድ የሮማ ሊብራ (330 ግራም ገደማ) 24 ዲናር ነው፤ አረንጓዴ የሚልበት የይሁዳ መስታወት 13። የወለል ሞዛይክ ሠሪ የቀን ክፍያ 50 ዲናር ከነምግቡ ነው፣ ብዙዎች የግድግዳና የጣሪያ ሞዛይክ ሠሪ ብለው የሚተረጉሙት ባለሙያ 60፣ የሰው ምስል ሠዓሊ 150። እንግዲህ አስሉት፦ ሴኔካ የተቆጣለትን ዓይነት ጣሪያ ቀና ብሎ የሚተክል ሰው የሙሉ ቀን ዋጋው ሁለት ተኩል ሊብራ የሚተክለው መስታወት ነው። መልኩን የሚሥለው ከእጥፍ በላይ ያገኛል። አዋጁም እንደ ባልና ሚስቱ ፎቶ፣ ምስሉን ነው ያከበረው፤ ሰማያዊውን መደብ አይደለም።

አሁን ከሰሌዳዎቹ ገሚሱ በኢስሚያ ሙዚየም ይታያል። ጨው ውሃ ውስጥ 1600 ዓመት የቆየ መስታወት መስታወትነቱን ይለቃል፤ ይላላጣል፣ ቀለሙ ይሞታል። አሻሻጮቹ ሰሌዳዎቹን ሲያሽጉ ገጹ እንዳይጫር ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥመው ነበር፤ ጥሩ አስተሻሸግ ነው፣ ዛሬም እንዲሁ ነው የሚደረገው። በባሕሩ ሥር ግን የተጋጠሙት ፊቶች ተጣበቁ። የአንዱ ሰሌዳ ወፎች በሌላው ሰሌዳ ገጽ ላይ ተጋግረው፣ ለማየት ሲሉ ከጀርባ፣ ከሸክላው በኩል መግባት ግድ ሆነ።